ዘጠነኛዋ ባቄላ

«ለእትዬ የሺ ከበሮውን ብቻ ስጧቸው። አፋቸውን እስካልከፈቱ ድረስ ከእሳቸው የሚሻል የለም።»

ይህን ያለችው አሰለፈች ናት፤ ጎረቤታችን፣ ገና ሁለት ልጅ የወለደች፣ እንደ ቆቅ አንገቷን የምታሰግግ ሴት። ጓዳ ውስጥ የጠላውን ጋን እየከደነች ለሌሎቹ ስትነግር እኔ ከጭቃው ግድግዳ ወዲህ ቆሜ ሰማኋት። ሴቶቹ ሳቁ። እህቴ የሺ እዚያው ጓዳ ውስጥ፣ ከእነሱ ሦስት ክንድ ርቃ፣ ጌሾ የተጣበቀበትን እንስራ እያጠበች እንደነበረ አውቃለሁ፤ እዚያ ያስቀመጥኋት ራሴ ነኝ። ሰምታለች። የውኃው መንቦጫረቅ እንኳ አልተቋረጠም።

እኔ በእህቴ ሲሳቅ ሰምቼ የማልፍ ሴት አይደለሁም። ነጠላዬን ወገቤ ላይ አሰርሁና ወደ ጓዳው በር ተራመድሁ። ያችን አሰለፈችን የተወለደችበትን ቀን የሚያስጠላ ንግግር አፌ ላይ ተዘጋጅቶልኝ ነበር። እግሬ ደፉ ላይ ሲደርስ ግን ቆመ። ነገሩን ከዚህ በፊት ሰምቼዋለሁ። «ከበሮውን ያዢ፣ አፍሽን ዝጊ» የሚለው የማን ቃል ነው? የኔው። ከሠላሳ ዓመት በፊት በወንድማችን በባዩ ሠርግ፣ ሁለቱ ወገን ፊት ለፊት ቆሞ ሲዘፋፈን፣ እኔው ነኝ በሰው ፊት ለየሺ እንዲህ ያልኋት። አሰለፈች ያን ጊዜ አልተወለደችም። ከአገሩ ሰምታው ነው፤ አገሩ ደግሞ ከኔ። እንግዲህ ምን ብዬ ልቆጣት? «ጋኑን ከከደናችሁ ውጡ፤ ዳሱ ውስጥ ሣሩ አልተጎዘጎዘም» ብዬ ብቻ ተመለስሁ። አሰለፈች ደነገጠች። እንዲህ በቀላሉ የምለቅ ሴት አለመሆኔን ታውቃለች።

ቀኑ እሑድ ነው፤ ጥር። የባዩ ልጅ ውባለም የምትዳርበት ቀን። ባዩ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ከሞተ አራት ዓመቱ ነው። ቤቱ አርብ ገበያ ከተማ ላይ፣ ከገበያው ሜዳ ከፍ ብሎ የተሠራ፣ ቆርቆሮ የለበሰ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ነው። ፀሐይ ሲመታው ቆርቆሮው ቋ ቋ ይላል፤ ሌሊት ሲበርድ ደግሞ እንደገና። አዳራሹ ውስጥ ሙሽሪት በዘመዶቿ ተከባ ተቀምጣለች፤ ከጓዳው የበርበሬና የቅቤ ሽታ ይመጣል፤ ግቢው ውስጥ በባሕር ዛፍ እንጨት ትልቅ ዳስ ተጥሏል። ሳምንቱን ሙሉ ሰው ሲገናኝ ወሬው ስለ በርበሬ መወደድ ነበር፤ ያን ቀን ግን ወሬው አንድ ነው፤ የሙሽራው ወገን ከስማዳ፣ ከወገዳ፣ ካሣነሽ የምትባል አውጪ ይዞ ይመጣል የሚል።

ለማያውቅ ልንገር። ሠርገኛው ሲመጣ የሙሽሪት ወገን ሴቶች በሩን ይይዛሉ። አውጪዋ ግጥሙን ታወጣለች፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ፣ ከበሮው ይመታል፤ የመጣው ወገን በዘፈን ካልመለሰ አይገባም። እኔ ፊደል አልቆጠርሁም። ከጋይንት እስከ እስቴ ግን በር የሚይዝ ሠርግ ሲኖር «ተዋበችን ጥሩ» ይባላል፤ ይህን ማንም አይክደኝም። የኔ ድምፅ ወፍራም ነው፤ ዘፈኑን ታች ወዳለው ማረፊያው አውርጄ ሳሳርፈው ሰው ሁሉ አብሮኝ ያርፋል። የየሺ ድምፅ ሌላ ነው። ቀጭን ነው፣ ከፍ ያለ። እኛ ወርደን ስናርፍ እሷ አታርፍም፤ ከሁላችን በላይ፣ ከማረፊያው አንድ እርከን አልፋ፣ ቆርቆሮ ላይ ወጥታ መውረድ እንዳቃታት ድመት እዚያው ትቀራለች። ሆን ብላ አይደለም። ጉሮሮዋ የሚወስዳት ወደዚያ ነው። በባዩ ሠርግ እንዲያ ስትል የሙሽሪት ወገን ሳቀ፤ እኔ አፈርሁ፤ ያን ቃል ተናገርሁ። የሺ ከበሮውን አነሳች። ከዚያ ወዲህ ስታጥብ፣ ስትፈጭ፣ ልጅ ስታባብል እንኳ ስታንጎራጉር የሰማት የለም። እናታችን ስትሞት ደረቷን እየደቃች ያለ ድምፅ ነው ያለቀሰች። እጇ ግን በከበሮ ከጋይንት አንደኛ ሆነ፤ እኔም ደግ ሥራ የሠራሁላት መስሎኝ ኖርሁ።

ሣሩ ከተጎዘጎዘ በኋላ ሴቶቹን ዳሱ ውስጥ ሰብስቤ ላሟሙቃቸው ጀመርሁ። ፈንታውም ሣጥኑን ይዞ መጣ። ፈንታው የባዩ የበኩር ልጅ፣ የሙሽሪት ወንድም ነው። ልጅ ሳለ ቤተ ልሔም ደብር ሦስት ዓመት ቁራሽ እየለመነ ድጓ ተምሯል፤ አንድ ቀን አኮፋዳውን እንጨት ላይ ሰቅሎ ጠፋ። ቀጥሎ የሰማነው አዲስ አበባ ወታደር ሆኖ ጃንሆይ ፊት ከሚጫወቱት ሙዚቀኞች መካከል መግባቱን ነው። ለእህቱ ሠርግ ፈቃድ ጠይቆ ከደብረ ታቦር ወዲህ በበቅሎ መጣ፤ በቅሎዋ ላይ ግን እሱ አልተቀመጠም፤ አኮርዲዮን የሚባለውን ሣጥን ጭኖባት ራሱ በእግሩ ነው የመጣ። ሣጥኑ ደረት ላይ ይታዘላል፤ ሲስቡት ይተነፍሳል፤ በቀኝ በኩል እንደ ጥርስ የተደረደረ ነገር አለው፣ በግራ በኩል ቁልፍ ቁልፍ። «ይህ ነገር ያስነጥሳል ወይስ ይዘፍናል?» ብዬው ነበር ሲመጣ። «እርስዎ ካወጡለት ይቀበላል እትዬ» አለኝ። መልስ አያጣም፤ የባዩ ልጅ ነው።

እኔ አወጣሁ፣ ሴቶቹ ተቀበሉ፣ ሣጥኑም ተከተለን። ዘፈኑን አውርጄ አሳረፍሁት። ሴቶቹ አረፉ። ሣጥኑም አረፈ፤ አረፈ ስል ግን ከላይ አንዲት ቀጭን ድምፅ አልወርድ ብላ ተንጠልጥላ ቀረች። የሺ ናት! ዞር ብዬ አየሁ። የሺ ከዳሱ ምሰሶ ሥር ከበሮውን ይዛ ቆማለች፤ አፏ ዝግ ነው። እሷም ግን እጇን አቁማ ሣጥኑን እያየች ነበር።

«አንተ! ያችን አውጣት!» አልሁት።

«ማንን እትዬ?»

«ያችን ከላይ የምትጮኸውን። እኔ ይህችን ድምፅ አውቃታለሁ፤ ቤት የምታፈርስ ናት።»

ፈንታው ሳቀ። «ኧረ እሷማ ጌጡ ናት። ዘጠነኛዋ እኮ ናት።»

«ስምንቱ ምን ጎደላቸውና ነው ዘጠኝ የምታመጣብኝ?»

«ላስረዳዎት?»

«እኔን የሚያስረዳ ገና አልተወለደም። የተማርኸው እውነት ይሁን ውሸት ልፈትንህ፤ ተናገር» አልሁና መደቡ ላይ ተቀመጥሁ። ሴቶቹን አሰናበትኋቸው። የሺም ከበሮዋን ይዛ ሄደች፤ እሳት ዳር ቆዳውን ልታሞቀው ነው።

ፈንታው ከሰል አንሥቶ ምሰሶው ላይ ቁጥር ሊጽፍ ሲል «ተው፤ በማላነበው ነገር አትሸውደኝ» አልሁት። ዙሪያውን አየና ለእንግዳ የተቆላ ባቄላ ያለበትን ሰፌድ ሳበው። ባቄላውን ወደ ዳር ገፍቶ ሰባት ፍሬ በረድፍ ደረደረ። እያንዳንዱን ባቄላ በጣቱ እየነካ በሣጥኑ ድምፁን አሰማኝ። የመጀመሪያው የዘፈኑ ማረፊያ ነው፤ ከዚያ እየወጣ እየወጣ ሰባት። ስምንተኛውን ሲያሰማኝ አወቅሁት። «ይሄማ ያው አንደኛው ነው፤ ድምፁ ቀጠነ እንጂ» አልሁት። «አገኙት» አለ፤ «ስምንተኛው የአንደኛው ልጅ ነው። ስለዚህ በረድፉ አልቀጥልም፤ ከበላዩ አዲስ ረድፍ እጀምራለሁ።» ሌላ ሰባት ባቄላ ከላይ፣ ከታችኞቹ ትይዩ ትይዩ አድርጎ ደረደረ። በኛ ቤት ከመደቡ በላይ ቆጥ እንዳለ ማለት ነው፤ ታች ሰባት ሰው፣ ቆጥ ላይ ሰባት ሰው።

«የኛ ዘፈን ይህን ሁሉ ድምፅ አይነካም» አልሁት። ሞኝ አይደለሁም።

«አይነካም። የኛ ዘፈን አምስቱን ነው የሚመርጥ። ሣጥኑ ግን ሰባቱንም ይዟል፤ ከሥር ሆኖ ዘፈኑን ሲደግፍ የቀሩትንም ይጠራቸዋል።»

ከዚያ እንዲህ አደረገ። ከታችኛው ረድፍ የመጀመሪያውን ባቄላ ወደ ፊት ሳበው፤ ሁለተኛውን ዘለለ፤ ሦስተኛውን ሳበ፤ አራተኛውን ዘለለ፤ አምስተኛውን ሳበ። ሦስቱን ባንድ ላይ አሰማኝ። «ይህ ኮርድ ይባላል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል» አለ። ደህና ነው፤ ሣር እንደተጎዘጎዘ ቤት ያለ ድምፅ ነው፤ ንጹሕ፣ ግን ሰው ያልገባበት። ስድስተኛውን ዘለለና ሰባተኛውን ጨመረ። አሁን ድምፁ ሰው የሚጠብቅ ዓይነት ሆነ። «አሁንም አላቆምም» አለና ስምንተኛውን ዘለለ፤ ያው አንደኛው ነዋ። ዘጠነኛዋን ሳባት። ያች ድምፅ መጣች። ከሦስተኛው፣ ከአምስተኛው፣ ከሰባተኛው በላይ ሆና ስትሰማ አልጮኸችም። ደረቴ ውስጥ የሆነ ነገር ከፈተች። ለፈንታው ግን አልነገርሁትም። «ቀጥል» ብቻ አልሁት።

ቀጠለ። አሥራ አንደኛውን ሳበ፣ አሥራ ሦስተኛውን ሳበ። «እዚህ ላይ ያልቃል» አለ።

«አሥራ ሦስት? እንደ ወራችን ነው እንዴ? ይቺ የመጨረሻዋ ጳጉሜን ናት በለኛ!»

«እንዲያ ይበሏት» ብሎ ሳቀ። «ከዚህ በኋላ አንድ ዘልዬ ብይዝ አሥራ አምስተኛው ነው፤ እሱ ደግሞ ያው አንደኛው ተመልሶ መምጣቱ ነው። ሁሉም ተጠርተው አልቀዋል። ታዲያ ሁሉንም ባንድ ላይ አልጫንም፤ የአሥራ አንደኛውና የሦስተኛው ነገር አይስማማም፣ አንዱ ሲገባ አንዱ ይወጣል። አርመኑ የሙዚቃ መምህራችን አንድ ወር ሙሉ ያለፋን ይህን ለመለየት ነው።»

እኔ ሰፌዱን እያየሁ ነበር። ቁጥር ባልጽፍም መቁጠር እችላለሁ፤ ሃያ ጥጃ ቆጥሬ ወደ በረት አስገባ የነበርሁ ሴት ነኝ። ከታችኛው ረድፍ የተሳቡት አንድ፣ ሦስት፣ አምስት፣ ሰባት ናቸው። ከላይኛው ረድፍ የተሳቡት ሁለተኛው፣ አራተኛውና ስድስተኛው ናቸው። ጣቴን አስገብቼ አንድ በአንድ ነካኋቸው።

«ፈንታው» አልሁት፤ «እነዚህ ከላይ የጠራሃቸው ታች የዘለልሃቸው ናቸው።»

ሣጥኑን ይዞ ቀጥ አለ። «እኔ ይህን ለማየት ስንት ጊዜ እንደፈጀብኝ ቢያውቁ እትዬ።»

«ዘጠነኛዋ ማለት ታች የተዘለለችው ሁለተኛዋ ናት። ቆጥ ላይ ወጣች እንጂ ያችው ናት።»

«ያችው ናት።»

«ታዲያ ታች እያለች ለምን አልጠራሃትም?»

መልሱን በሣጥኑ ሰጠኝ። አንደኛውንና ሁለተኛውን ጎን ለጎን ባንድ ላይ ተጫናቸው፤ ሁለት ምራቶች አንድ ድስት ላይ ማማሰያ ሲያጋጩ የሚሰማው ዓይነት ነው፤ ጆሮዬን ያዝሁ። ከዚያ አንደኛውን ታች ትቶ ሁለተኛውን ቆጥ ላይ አወጣና ዘጠነኛ አደረጋት፤ በመካከላቸው ግን ምንም አላስገባም። አሁን አልተጋጩም፤ ሆኖም አንዱ ከወንዝ ወዲህ፣ አንዱ ከወንዝ ማዶ ሆኖ እንደሚጣራ ሰው ተራራቁ። ባዶ ነው። ያን ባዶ ድምፅ አውቀዋለሁ። የባዩ ሠርግ ነው። እኛ ሁላችን ታች፣ የሺ ብቻዋን ላይ። ከዚያ ፈንታው በመካከላቸው ሦስተኛውን አገባ፤ ሰባተኛውን አገባ። ታችኛው ያው ነው፣ ላይኛዋም ያችው ናት፤ አልተንቀሳቀሰችም። ግን ቦታዋ ሆነ።

«አምስተኛውን ረሳኸው» አልሁት።

«አልረሳሁትም። አምስተኛው ቢቀርም ጆሮ አያጣውም። ሦስተኛውና ሰባተኛው ካልቀሩ ይበቃል።»

«ይህማ ዋለ የሚባለው ባሌ ነው። አለ ቢሉትም አለ፣ የለም ቢሉትም ለውጥ የለው።» ፈንታው ከሣጥኑ ጋር እስኪንፈቀፈቅ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ሳቄ ግን ሩቅ አልሄደም። «ይህን ሥራ እኔ ድሮም አውቀዋለሁ» አልሁት። «ዳስ ውስጥ እንግዳ የማስቀምጥ ማን ነው? እኔ ነኝ። የተጣሉ ሁለት ባልቴቶች ጎን ለጎን አይቀመጡም። አራርቀህ ብቻ ብትተዋቸውም በዓይን ይበላላሉ። በመካከላቸው ሰው ታስቀምጣለህ፤ አንድ አዋላጅ፣ አንድ ወሬ የምታውቅ፤ ያን ጊዜ ከዳር እስከ ዳር ጨዋታው ይያያዛል።»

«እንግዲያስ ምን ላስረዳዎት ነው የተቀመጥሁት?»

«አልኩህ እኮ፤ ፈተንሁህ እንጂ።» ተነሳሁና ዘጠነኛዋን ባቄላ ከሰፌዱ አነሳሁ። «ሠርገኛው ሲመጣ መካከሉን አንተ ሙላልኝ። ሦስተኛውን፣ ሰባተኛውን። ይህችን ግን አትንካት። ባዶ ተዋት።»

«ማን ይይዛታል?»

«የያዘች ትያዛት። አንተ ግን ብትነካት ሣጥንህን ጠላ ውስጥ እነክርልሃለሁ።»

ባቄላዋን በመዳፌ ጨብጬ ወደ ጓዳ ሄድሁ። ፀሐይዋ አናት ላይ ደርሳለች። የሺ ምድጃ ዳር ዝቅ ብላ ከበሮውን ወደ እሳቱ አዘንብላ ይዛዋለች፤ በመዳፏ መታ ታደርገዋለች፣ ታዳምጣለች፣ እንደገና ታሞቀዋለች። ሌላ ሰው አልነበረም። አጠገቧ ተቀመጥሁ። እንግዲህ ሰው ሁሉ ተዋበች ቃል አታጣም ይላል። እውነት ነው፤ ለሙሽራ፣ ለሟች፣ ለዳኛ፣ ለነገረኛ ቃል አለኝ። ለእህቴ የሚሆን ግን አጣሁ። ከበሮውን አየሁ፤ እሳቱን አየሁ፤ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የጥቀርሻ መስመር አየሁ።

«ቆዳው ላላ» አልኋት።

«ይወጥራል» አለች።

ከአዳራሹ ውባለም ጠጉሯን ሲሠሯት «አመመኝ» ስትል ይሰማል። የሺ ከበሮውን በሌላው ጎን አዞረችው።

«የባዩ ሠርግ ትዝ ይልሻል?» አልኋት።

«ስንቱ ሠርግ ትዝ ይለኛል እታለም።» ከበሮውን መታ አደረገችው። «ያን ቀን የለበስሽው ቀሚስ ጥለቱ ቀይ ነበር። በግራ እጅጌው ላይ ሰም ነጥቦበት ነበር።»

ሁሉንም ታስታውሳለች ማለት ነው። መዳፌን ከፈትሁና ባቄላዋን ሰጠኋት። ተቀብላ በብርሃኑ አየቻት።

«ምንድን ነው?»

«ባቄላ ናት።»

«ባቄላ መሆኗንማ አየሁ።»

«አንቺ ነሽ።»

ዓይኗን ከባቄላዋ ወደኔ አነሳች። «እኔ ባቄላ ነኝ?»

«ዘጠነኛዋ! ማለት፣ ሰባት ባቄላ አለ፤ ከዚያ ከላያቸው ሌላ ሰባት አለ፤ ስምንተኛው የአንደኛው ልጅ ነው። አንቺ ታች ተዘልለሻል። የዘለለሽ ደግሞ... ባቄላው አይደለም። መካከሉ ባዶ ስለነበረ ነው። አምስተኛው ዋለ ነው፤ እሱን ተይው።» በራሴ ተናደድሁ። ፈንታው ሲናገረው እንደ ውኃ የሚፈስ ነገር እኔ አፍ ውስጥ ድንጋይ ሆነ። «ምን ታፈጥጪብኛለሽ! የምነግርሽ ከባድ ነገር ነው!»

የሺ ባቄላዋን አፏ ውስጥ ጣለችና ቆረጠመቻት። አኘከች። ዋጠች።

«ጨው ያንሳታል» አለች፤ ከበሮዋንም አንሥታ ወጣች።

ለብቻዬ ምድጃ ዳር ቀረሁ። በሌላ ቀን ቢሆን ተከትያት ወጥቼ ግቢውን እቀውጠው ነበር። ያን ቀን ግን የገባኝ፣ ይህ ነገር በአፍ የሚሆን አለመሆኑ ነው። በአፌ ነው ድምፅዋን የወሰድሁባት፤ በአፌ ብመልስላት ደግሞ ያው እኔው ተናጋሪ፣ እሷው አድማጭ ነን።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ከገበያው ሜዳ ማዶ እልልታ ተሰማ። ሠርገኛው በበቅሎና በእግር እየዘፈነ መጣ፤ ፊት ፊት ካሣነሽ አለች፤ ትልቅ ሴት፣ ጉርድ በርሜል የምታህል፣ ድምፅዋ ከሩቅ ያስታውቃል። እኛ በሩን ያዝን። እኔ መካከል፣ አሰለፈች በቀኜ፣ የሺ ከበሮውን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ በግራዬ፣ ፈንታው ከኋላችን። የመጀመሪያውን አወጣሁ፤ ሴቶቹ ተቀበሉ፤ የየሺ ከበሮ እንደ ልብ መታ። ዘፈኑ ወርዶ ሲያርፍ ፈንታው መካከሉን ሞላው፤ ሦስተኛው አለ፣ ሰባተኛው አለ። ከላይ ግን አንድ ቦታ ባዶ ነው። ማንም አላስተዋለውም። እኔ ግን ድግስ ላይ ሁሉ ተቀምጦ አንድ በርጩማ ባዶ ሲቀር እንደማይ አየሁት። የሺን በጎን አየኋት። እጆቿን እያየች ትመታለች። እጆቿ ሥራ እስካላቸው ድረስ አፏ ምን አስጨነቀው?

ካሣነሽ መለሰች፤ ጥሩ መለሰች፣ አልዋሽም። ሁለተኛውን ከማውጣቴ በፊት ወደ የሺ ዞርሁና የከበሮውን ማንገቻ ያዝሁት።

«አንቺ፣ ምን ሆነሻል?» አለች።

«ስጪኝ።»

«ሠርገኛው ቆሟል እኮ!»

«ይቁም። መምታት አማረኝ።» ማንገቻውን በራሷ ላይ አሳልፌ ወሰድሁት፤ ሹሩባዋ ላይ ተይዞ ትንሽ አመማት። አንገቴ ላይ አጠለቅሁት። የሺ ሁለት ባዶ እጆቿን የት እንደምታደርጋቸው አጥታ አንዴ ነጠላዋ ላይ፣ አንዴ ሆዷ ላይ አደረገቻቸው።

ከበሮ መምታት አልችልም። ይህን እስከዚያ ቀን ድረስ ማንም አያውቅም ነበር፤ እኔም ጭምር። እጄ ከዘፈኑ አንድ ጊዜ ይቀድማል፣ አንድ ጊዜ ይዘገያል። ካሣነሽ ከበሩ ማዶ ሆና «ተዋበች! ከበሮ ነው ወይስ ዕዳ ጠያቂ በር የሚያንኳኳ?» አለች፤ ሠርገኛው ሁሉ ሳቀ። የኛም ወገን ሳቀ። ውባለም ሳትቀር ከአዳራሹ ውስጥ ስትስቅ ሰማኋት። አሰለፈች ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «እትዬ፣ ለእትዬ የሺ ይመልሱላቸው እንጂ ተዋረድን» አለችኝ። «አንቺ ተቀበይ፤ ለውርደቱ እኔ አለሁ» አልኋትና አወጣሁ። ሁለተኛው ዙር ወርዶ አረፈ። ከላይ አሁንም ባዶ። የሺ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ይዛለች። ዓይኗ ከበሮው ላይ፣ በኔ ጣቶች ላይ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰው ሲስቅባት እንዴት እንደቆመች ያን ጊዜ ነው በአጥንቴ ያወቅሁት፤ እኔ ግማሽ ሰዓት እንኳ አልቻልሁትም፤ ላቤ በጀርባዬ ወረደ።

ሦስተኛውን አወጣሁ። ባዩን አነሳሁበት፤ ልጁ ስትዳር ያላየውን ወንድማችንን። ሴቶቹ ተቀበሉ። ፈንታው ሣጥኑን በቀስታ ሳበው። ዘፈኑ ወርዶ ወርዶ ማረፊያው ላይ ደረሰ፤ እኔ አረፍሁ፤ ሴቶቹ አረፉ።

ከላይ አንዲት ቀጭን ድምፅ መጣች።

መጀመሪያ ላይ ትንቀጠቀጥ ነበር፤ እንደ አዲስ ጥጃ እግር። ከዚያ ቆመች። የሺ ነጠላዋን ከአፏ አውርዳዋለች። አንገቷ ላይ ያለው ሥር ተገትሯል። ድምፅዋ ያው ነው፤ የድሮው፤ አንዲት ጸጉር ያህል አልተለወጠም። ከታችዋ ግን አሁን ሰው አለ። እኔ ከበሮውን መምታት ተውሁ፤ የሚቀጥለውን ግጥም ማውጣት ረሳሁ፤ አሰለፈች ናት ባለማወቅ ቀድማ ያወጣችው። ከበሩ ማዶ ማንም አልሳቀም። ካሣነሽ እጇን ጉንጯ ላይ አድርጋ ቆመች፤ መመለስ የሷ ተራ ነበር፣ አልመለሰችም። ዘፈኑ ዞሮ ሲያርፍ የሺ እንደገና ወጣች፤ አሁን ሳትጠራጠር፣ እንደ ገዛ ቤቷ። ዕድሜዬን ሙሉ ያንን ዘፈን ከውስጡ ሆኜ ስዘፍነው ኖሬ፣ ምን እንደሚመስል የሰማሁት ያን ቀን ነው።

መልስ ሳንጠብቅ በሩን ከፈትንላቸው። ሠርገኛው ገባ፤ ዳሱ ተንጫጫ፤ ሥጋው ወጣ፤ ጠላው ተቀዳ። ፈንታው በአጠገቤ ሲያልፍ አንድ ነገር ሊናገር አፉን ከፈተ፤ ዓይኔን አሳየሁትና ዘጋው። ልጅ ማለት እንዲህ ነው። እኔ ከበሮውን እንዳነገትሁ ምሰሶው ሥር ተቀመጥሁ። መዳፌ ቀልቷል፤ አንዷ ጣቴ አብጣለች።

የሺ ከሰዎች መካከል ወጥታ መጣች። ከበሮውን ልትወስድ መስሎኝ ማንገቻውን ላወልቅ ስል እጄን ያዘችኝ። ያበጠችዋን ጣቴን አየቻት፤ ጫን አድርጋ አሸቻት፤ አመመኝ፤ አልጮህሁም። አጠገቤ መደቡ ላይ ተቀመጠች።

«በመዳፍሽ አትምቺው» አለችኝ። «ከጣቶችሽ ሥር ነው። ነገ አሳይሻለሁ።»

«እሺ» አልኋት። እኔ ለሰው እሺ አልልም።

ዙሪያዋን አየች። ሰፌዱ ፈንታው ትቶት በሄደበት መደብ ላይ፣ ባቄላዎቹ በሁለት ረድፍ እንደተደረደሩ አለ፤ ከላይኛው ረድፍ አንዷ ጎድላለች። የሺ ሰፌዱን ወደ ጭኗ ሳበችው።

«የቱ ጋ ነበርሁ?» አለች።

ባዶውን ቦታ በጣቴ አሳየኋት።